ኮባ ላይ ያደረችው መደብ

በእኛ የመስቀል ቅርጫ ውስጥ ለዓመታት አንድ የሞተ ሰው አባል ነበር። በሬ ሲገዛ አይጨቃጨቅም፤ ጮማው አነሰኝ ብሎ አያኮርፍም፤ ሽንጡ ለእኔ ይድረስ ብሎ ዓይኑን አያጉረጠርጥም። እንደ አባል ከታየ ከሁላችንም የተሻለ ነበር። ጣጣው የመጣው በእሱ ሰበብ በሕይወት ያለውን አባላችንን፣ የለቅሶ ግጥም የጻፈለትን መምህር፣ ከበሬያችን ዙሪያ ልናጣው ስንደርስ ነው።

እኔ ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ፔርሙስና ጃንጥላ እሸጣለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥቶ የሶዶ ጭቃ ጫማውን ይዞ አላስመልስ ያለው ሰው ነው። እኔ እዚሁ ተወለድኩ። ወላይትኛዬ የገበያ ነው፤ ለመሸጥ ይበቃል፣ ለመጸለይ አይበቃም። ትምህርቴን ለሚጠይቀኝ፣ ትምህርት ቤት ለመማር ከሄድኩት ደብተር ልሸጥ የሄድኩት ይበልጣል።

መምህሩ ጎረቤቴ ነው። አማርኛ ያስተምራል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፤ ከሰዓት ክፍል ከሌለው ደግሞ ሱቄ በራፍ ላይ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል። ባልዲው በእሱ ክብደት ተሰንጥቆ ከሽያጭ ውጭ ሆኗል፤ ስለዚህ የእሱ ወንበር ነው። እዚያ ተቀምጦ ደንበኞቼን ያርማል። አንዱ ገበሬ "ሳፋዋ ስንት ነው?" ካለ መምህሩ አረፍተ ነገሩን ሲያቃና ገበሬው ዋጋውን ይረሳል። እኔም ደስ ይለኛል፤ ዋጋ የረሳ ሰው ተከራክሮ አያውቅም።

ቅርጫችን የአባቶቻችን ነው። የወላይታ ሰው አለበት፣ የጉራጌ ልጅ አለበት፤ በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል፣ ከአንድ በሬ ዙሪያ እንቆማለን። ጥላችንም እንደዚያው በዓመት አንዴ ነው። እኔ ሥጋው ተከትፎ ቅቤ ካልነካው ተበላ አይባልም እላለሁ። እነሱ ደግሞ ሥጋ በጥሬው በዳታ ካልሆነ የሕፃን ምግብ ነው ይሉኛል። ዳታ ቀምሶ የማያውቅ ቢኖር፣ በርበሬ ከነቁጣው ተፈጭቶ ቢልቃጥ ውስጥ የተቀመጠ ነው ብላችሁ አስቡት።

በሬ የሚመርጡልን፣ ሥጋውንም የሚመድቡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። አዋ እንላቸዋለን፤ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ለጥሩ በሬ ዲምቱ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ በሬውን ከኋላ ሲያዩት ቆይተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ከመለሱን ያ በሬ አይሆንም ማለት ነው። ሌላው የማይረሳው አባላችን የቀበሌው ሰው ነው። የሚሠራው ቀበሌ ነው፤ ስብሰባ በሌለበት ቀን ሰውነቱን የሚያሳክከው ዓይነት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአገሪቱ መሪ ሞቱ ተባለ። ሶዶ እንደ ሌላው ከተማ ድንኳን ጣለች፤ የመናኸሪያው ጩኸት እንኳ ዝቅ አለ። እኔ ዘንድ ማንም አይፈልገውም ብዬ ከመደርደሪያ ሥር የወረወርኩት ጥቁር ጃንጥላ ነበር። ዝናቡና ሐዘኑ አንድ ላይ መጥተው ጠራርገው ወሰዱልኝ። ይህን የማወራው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው፤ ማን ጥቁር ጃንጥላ እንደገዛ፣ ሲገዛም ዓይኑ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው ሰው ሱቄ መጣና መምህሩን ከነባልዲው አገኘው።

"መምህር፣ ነገ ስታዲየም ግጥም ታቀርባለህ።"

"ለማን?"

"ለማን ይላል እንዴ! ለሰውየው ነዋ!"

"እኔ ለባለሥልጣን ጽፌ አላውቅም።"

"ለሞተ ሰውስ?"

"ለአጎቴ ጽፌያለሁ።"

"በቃ፣ እንደ አጎትህ አድርገህ ጻፋ! ምን ያስጨንቅሃል?"

መምህሩ ይህን ምክር ቃል በቃል ተቀበለ። አጎቱ ገጠር የሞቱ የቅርጫ ሰው ነበሩ፤ በእነሱ አገር ሟች ሲለቀስ ደጁ፣ ከብቱ፣ ከጎረቤት ጋር የሚካፈለው ሥጋ እየተነሣ ነው የሚለቀሰው። በማግስቱ ስታዲየሙ ግጥም ብሎ ሞልቶ፣ ከእሱ በፊት የተናገሩት ሁሉ ስለ ራእይ ሲናገሩ፣ መምህሩ ወጣና ስለ በሬ አነበበ።

መስቀል ደረሰልህ፣ በሬውም ታሰረ፣
ቢላዋው ተስሎልህ ቆራጩ የት ቀረ?
ሁሉም ድርሻው ደርሶት ወደ ቤቱ ገባ፣
ያንተ መደብ ብቻ አደረች ከኮባ።

ኮባ ማለት የእንሰት ቅጠል ነው፤ የቅርጫ ሥጋ የሚመደበው በእሱ ላይ ነው። የሥጋዋን መደብ ኮባ ላይ ብቻዋን አድራ ያየ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ባለቤቷ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ስታዲየሙ ያን ጊዜ ነው የተነቃነቀው። እስከዚያ ድረስ በሥርዓት ያዘነው ሕዝብ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ሳልቀር አባቴን አስታውሼ አለቀስኩ። ከላይ የመጡ አንድ እንግዳ ወደ ቀበሌው ሰው ዞር ብለው "እዚህ በሬ ነበራቸው እንዴ?" ሲሉት፣ እንባውን እየጠረገ "በዕቅድ ደረጃ ነበር" ብሎ መለሰላቸው።

ከዚያ መስቀል ደረሰ። ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ በሬው ታረደ፣ ኮባው ተነጠፈ፣ አዋ መመደብ ጀመሩ። ሲጨርሱ መደቡ ከአባላቱ በለጠ።

"አዋ፣ ተሳስተዋል መሰለኝ፤ አንድ ተረፈ" አልኳቸው።

"አልተረፈም። የሰውየው ነው።"

"የየትኛው ሰውዬ?"

"መምህሩ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በማይክራፎን፣ 'ያንተ መደብ ከኮባ አደረች' አላለም? ለቅሶ ላይ ለሟች መደብ አለህ ብለን፣ መስቀል ሲመጣ ጨርሰን ልንበላ ነው?"

መምህሩ ቢላዋ እንደያዘ ደነገጠ። "ኧረ አዋ! ግጥም እኮ ነው!"

"ግጥም ማለት ውሸት ማለት ነው?"

ስንት ዓመት ግጥም ያስተማረ ሰው ቢላዋውን ኮባው ላይ አስቀመጠ። ሁላችንም የቀበሌውን ሰው አየነው። እሱ ደግሞ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አየ። በዚያ ወር የመሪውን መደብ አያስፈልግም ማለት ለጤና ጥሩ አልነበረም። "ተገቢ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ስብሰባ እንደሚዘጋ ሰው።

ዕጣችን የሚወጣው በዕቃ ነው። እያንዳንዱ የያዘውን ያስረክባል፤ ቁልፍ፣ አዝራር፣ ጠጠር። ከዚያ የቱ የማን እንደሆነ ያላየ አላፊ አግዳሚ ይጠራና በየመደቡ ላይ ያስቀምጥልናል። መምህሩ ለራሱ ጠመኔ ሰጠ፤ ለሟቹ የእስክሪብቶ ክዳን።

ለሟቹ የደረሰውን ማን ይብላ የሚለውንም አዋ ጨረሱት። "ቤቱ ያልገባ ሰው ድርሻ ነው፤ መስቀልን ቤታቸው መግባት ያልቻሉ ይብሉለት" አሉ። ኦቶና ያለው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በበዓል ቀን ታማሚ ይዘው የቀሩ የገጠር ሰዎች አይጠፉም። ሥጋው በእኔ አረንጓዴ ሳፋ ሆኖ ሄደላቸው። ሳፋዋ አልተመለሰችም። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ ሌላ አረንጓዴ ሳፋ ሄደች፤ አንዷም አልተመለሰችም። ኦቶና የእኔ ትልቁ ደንበኛ ሆነ፤ ጉድለቱ ገንዘብ አለመክፈሉ ብቻ ነው።

ግጥሙ ግን ሰላም አላገኘም። በመታሰቢያው ቀን ተነበበ፤ መልካም። ከዚያ ችግኝ ሲተከል ይነበብ ተባለ። ከዚያ የጠጠር መንገድ ሲመረቅ። አንድ ቀን የሕዝብ መጸዳጃ ሲመረቅ "መምህር የታለ?" ተብሎ ሲፈለግ፣ መምህሩ ባንኮኒዬ ሥር ተቀምጦ "የለም በለው!" እያለ ሱሪዬን ይጎትተኛል። የቀበሌው ሰው ቆይቶ ግጥሙ ላይ የልማት ስንኝ ይጨመርበት ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው የጨመረው ስንኝ ቤት አልመታም፤ መምህሩን ያሳመመው ከመጸዳጃው ይልቅ ይኼ ነው።

ሕዝቡ መጀመሪያ አለቀሰበት፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ ቀጥሎ ተጫወተበት። የእኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ሰፈር ሲበራ ሰው "ሁሉም ድርሻው ደርሶት" ማለት ጀመረ። መናኸሪያ ያለ አንድ ረዳት የዲምቱን ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው በር ላይ ተንጠልጥሎ "ያንተ መደብ ብቻ! ያንተ መደብ ብቻ ቀረች!" እያለ ይጮኻል፤ ሰውም እየሳቀ ይገባለታል። መምህሩ ይህንን እንደ ስድብ አላየውም። "ከኮሚቴው ረዳቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ምቱን አልሰበረውም" አለኝ።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ። ተቃውሞው ከየአቅጣጫው ተነሣ፤ ትናንት ግድግዳ ላይ የነበረ ፎቶ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም። ያለቀሰው ሁሉ አላለቀስኩም ማለት ጀመረ። መምህሩን በመንገድ ሲያልፍ "አልቃሹ!" የሚሉት በዙ። አንዳንዱ ጓደኛው የነበረ መምህር እንኳ ሰላምታውን አሳጠረ። እሱ ይስቃል፤ ነገር ግን ባልዲው ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት እያነሰ መጣ።

በዚያ ዓመት ለመስቀሉ በሬ ልንመካከር ሱቄ ስንሰበሰብ የቀበሌው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ዘመን ሲዞር አብሮ ለመዞር ከማንም አይዘገይም።

"ያች መደብ ከዘንድሮ ጀምሮ መነሣት አለባት። ግጥሙም ስህተት ነበር። መምህሩ ከበሬው በፊት አቋሙን ግልጽ ያድርግልን፤ ይቅርታም ካስፈለገ ይጠይቅ።"

መምህሩ ከባልዲው ተነሣ። "ከእናንተ ጋር ሥጋ ልበላ ነው የመጣሁት፤ ግምገማ ከሆነ ትምህርት ቤት ይበቃኛል" አለ። የእስክሪብቶውን ክዳን አውጥቶ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲው ባዶ ሆነ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ ሲሰነጠቅ ድምፁን አውቃለሁ። ዛሬ በግጥሙ መምህሩ ከወጣ፣ ነገ በሌላ ነገር ሌላው ይወጣል፤ ከነገ ወዲያ "የእናንተ ክትፎ" ተብዬ እኔም ከወገኖችህ ጋር እረድ እባላለሁ። አባቶቻችን አንድ በሬ ያቆዩልን አንድ ዙሪያ እንድንቆም ነበር። ቤቱ ሄጄ ለመንኩት። "እንደ በግ ተጎትቼ አልመጣም፤ ሥጋዬንም እንዳትልኩልኝ" አለኝ። አንገቱን ቀና አድርጎ የማይገባበት በዓል አይሻም፤ እውነቱን ነው።

የመስቀሉ ዕለት በሬው ታረደ። አዋ ማንንም ሳያማክሩ እንደ ልማዳቸው መደቡ፤ የመምህሩም አለ፣ የሟቹም አለ።

"አዋ፣ ይኼን እኮ ተነጋግረን ነበር" አለ የቀበሌው ሰው።

"አንተ ተናገርክ እንጂ አልተነጋገርንም።"

"መደቧ ትነሣ!"

ጭቅጭቁ ሲግል አየሁና ድምፄን ከፍ አደረግሁ። "ልክ ነው፤ ትነሣ። ግን ለማን ትሰጥ? ያኔ ስታዲየም ያላለቀሰ ሰው ይውሰዳት። ያላለቀሰ እጁን ያውጣ!"

ከወዲያም ከወዲህም እጅ መነሣት ጀመረ። የቀበሌው ሰው እጅ ቀድማ ነበር።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አልኩ። "እጁን የሚያወጣው የሸጥኩለትን ጥቁር ጃንጥላ መልሶ ያምጣልኝ።"

እጆቹ እንደወጡ ወረዱ። መጀመሪያ አዋ ሳቁ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

"እኔ እኮ ጃንጥላውን ለዝናብ ነው የገዛሁት!" አለ የቀበሌው ሰው።

"በጉንጭህ ሲወርድ የነበረውስ ከየትኛው ደመና ነው?"

እሱም ሳይወድ ሳቀ። እሱ ከሳቀ መደቧ ተረፈች ማለት ነው። የመምህሩ ጠመኔ ግን ገና የለችም፤ ዕጣው ያለ እሱ አይወጣም።

ይህን እያሰብኩ የግቢው በር ተንኳኳ። አንዲት ሴት ቆማለች፤ ራሷ ላይ አረንጓዴ ሳፋ። ሳፋዋን ከሩቅ አወቅኳት፤ ጠርዟ ላይ በሚስማር የጫርኩት የሱቄ ምልክት አለ። ውስጧ ቦዬ የሚባለው የእኛ አገር ሥራ ሥር ሞልቶ፣ ከላዩ በኮባ የተጠቀለለ ዳታ ተቀምጦበታል።

"የሳፋው ሱቅ ይኼ ነው አሉኝ" አለች። "ከቦምቤ ነው የመጣሁት። አምና መስቀል ባሌ እግሩ ተሰብሮ ኦቶና ነበርን። የእናንተን ሥጋ በላን። አሁን ይራመዳል። ሳፋውን ባዶውን ልመልስ አፈርኩ።"

አዋ በወላይትኛ መረቋት። እኔ የሳፋዬን ደኅንነት እያየሁ ነበር።

"ባለ ግጥሙ የታለ?" አለች ዓይኗን በእያንዳንዳችን ላይ እያዞረች።

"ግጥሙን ደግሞ አንቺ እንዴት አወቅሽው?" አላት የቀበሌው ሰው።

"እንዴት አላውቅም? ኦቶና ግቢ ሥጋው ሲመጣ እየተዘፈነ ነው የሚበላው! ከእኔ በፊት የነበረችው አስታማሚ አስተማረችኝ፤ እኔም ከእኔ በኋላ ለመጣችው አስተማርኩ።" ሳፋዋን አወረደችና እያጨበጨበች በወላይትኛ ትዘፍነው ጀመር። በሬው አለ፣ ቢላዋው አለ፣ ኮባው አለ። ለቅሶው ብቻ የለም። "ያንተ መደብ" የሚለው ላይ ስትደርስ ሆዷን መታ መታ ታደርጋለች። አዋ ሳያውቁት ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ።

ተያይተን ተነሣን። ከነሽርጣችን፣ ከነቢላዋችን ወደ መምህሩ ቤት ሄድን። ባለቤቱ በሩን ከፍታ ስታየን "ምን ሆናችሁ? ሰው ገደላችሁ እንዴ?" አለች።

"በሬ ብቻ ነው፣ እህቴ" አልኳት።

መምህሩ በመስቀል ቀን የበቆሎ እሸት እየጋጠ ተቀምጧል። ሲያየን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሴትዮዋ ማን መሆኑን ስንነግራት እንደገና ዘፈነችው፣ ከነጭብጨባው። መምህሩ በቆሎውን ከአፉ አወረደ።

"ማን ነው ወደ ወላይትኛ የመለሰው?" አላት ስትጨርስ።

"ማንም አልመለሰው። እኛ ይኼንኑ ነው የምናውቀው።"

"እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት በወላይትኛ ነበር" አለ ወደ እኛ ዞሮ። "ለአጎቴ።"

"ሰውየው ማን ነበር? መደብ የቀረችለት?" አለች ሴትዮዋ።

የቀበሌው ሰው አፉን ሊከፍት ሲል አዋ ክንዱን ያዙት። መምህሩም "የተጠራ፣ ሳይመጣ የቀረ እንግዳ ነው" አላት።

"እንግዲህ ባሌ በልቶለታል" አለች።

መምህሩ ያኔ ሳቀ፤ ባልዲ የሚሰነጥቅ ዓይነት ሳቅ። ጫማውን ይፈልግ ጀመር። የቀበሌው ሰው መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ነበርና፣ ሁላችንም ምን ሊል ነው ብለን ጠበቅን።

"መምህር፣ ያ የአቋሙ ጉዳይ..." አለ። ከዚያ የሁላችንንም ፊት አየ። "...ይቆይ። ሥጋው ዝንብ ሳይወርረው እንሂድ።"

ግቢው ስንመለስ ዕጣውን ያወጣችልን ሴትዮዋ ናት፤ የቱ የማን እንደሆነ አታውቅማ። መምህሩ ጠመኔውን ሰጠ። እኔ ከኪሴ የእስክሪብቶውን ክዳን አወጣሁ። ያን ዓመት ሻኛ ያለበት መደብ ለክዳኑ ደረሰ፤ የቀበሌው ሰው ጭንቅላቱን ይዞ "ሰውየው ሞቶም ዕድለኛ ነው!" ብሎ ጮኸ። እንደ ቅጣት ኦቶና የሚያደርሰው እሱ ይሁን ተባለ። አረንጓዴዋ ሳፋ ቦዬዋን አራግፋ ሥጋ ተሞላችና ተመልሳ ሄደች። ባጃጁ ሲነሣ የቀበሌው ሰው ሳፋዋን ጭኑ ላይ አቅፎ "ያንተ መደብ ብቻ!" እያለ ሲዘፍን ሰማነው፤ ምቱን ሰብሮታል፤ መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ አላረመውም።

እሱ እስኪመለስ አልጠበቅንም። የቦምቤዋ ዳታ ተፈታ፤ መምህሩ የተሰነጠቀውን ባልዲ ከሱቅ አምጥቶ ገልብጦ ተቀመጠ። ያን ዳታ የሠራችው ሴት ለእንግዳ የምትራራ አይደለችም። አንድ ጉርሻ እንደ ወሰደ የመምህሩ እንባ ጎረፈ። አዋ "አልቃሹ!" አሉት፤ እሳቸውም ሳይጨርሱት እንባቸው መጣ። እኔ በክትፎዬ ልጸና ነበር፤ ሁሉም አፍጥጦ ሲያየኝ ቀመስኩ። ሴትዮዋ ብቻ ምንም ሳትሆን እየበላች፣ ሶዶ ያለው ወንድ ሁሉ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው በሚል ዓይን ታየናለች።

"ጃንጥላ የሚፈልግ?" አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

ማንም አልገዛም። ሰማዩም ጥርት ብሎ ነበር።